ከሶደሬ እስከ ፈንታሌ፤ ስለ በረሃ ጉዞ መሰናዶ

የአዋሽ ወንዝ በሸዋ ደጋ ላይ ከግንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ እንደ ሌሎቹ ታላላቅ ወንዞቻችን ወደ ባዕድ አገር ተሻግሮ ባሕር ሳይደርስ፣ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል በገዛ ምድሩ ላይ ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ጠረፍ አጠገብ በአቤ ሐይቅ ጨው ውስጥ ተውጦ የሚቀር ወንዝ ነው። በዚህ ረጅም ፍኖት ላይ የሰው ልጅ በየሥፍራው ቆሞ ይጠብቀዋል፤ በ1952 ዓ.ም. የተፈጸመው የቆቃ ግድብ ኤሌክትሪክ ያመነጭበታል፤ የወንጂ አገዳ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ይሆን ዘንድ ይጠጣዋል፤ መልካሳን አልፎ ሶደሬ ሲደርስ ከምድር ከርሥ እየፈላ የሚወጣው ፍል ውኃ ከዳርቻው ይገናኘዋል፤ ከዚያም ወዲያ የኑራ ኢራን ፍራፍሬና የመተሐራን ሰፊ የአገዳ እርሻ አጠጥቶ፣ በመጨረሻ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በድንጋይ አፋፍ ላይ ተወርውሮ ወደ ጥልቅ ገደል ይገባል። ስለዚህ በመኪና ወደዚያ በረሃ ገብቶ በድንኳን ለማደር ያሰበ ሰው፣ የመኪናውን ጉልበትና የድንኳኑን ዓይነት ከመመርመሩ አስቀድሞ፣ የዚህን ወንዝ ጠባይና በወንዙ ግራና ቀኝ የሚኖረውን ባለ አገር ሊያውቅ ይገባዋል። ብዙ ሰዎች ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው ሲነሡ አይቻለሁ፤ በዚህም ምክንያት ነው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት።

ሶደሬ ከአዳማ በስተደቡብ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ በዋርካና በግራር ጥላ የተከበበ የፍል ውኃ ሥፍራ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባና ከአዳማ የሚመጣው ሕዝብ በታላቁ ገንዳ ሲዋኝ፣ ከወዲያ ደግሞ መገጣጠሚያቸውን ሪህ ያሠራቸው አረጋውያን ስመ ሥላሴን ጠርተው ወደ ሙቁ ውኃ ይገባሉ፤ ጦጣዎቹም ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለሉ ያልተጠበቀ ምሳ ሲያገኙ ይነጥቃሉ። ወንዙ ከዚያው አጠገብ ድፍርስ ሆኖ ይፈስሳል፤ አዞም ጉማሬም ስለማይጠፋበት ከዳሩ መራቅ ይገባል። ለበረሃ መንገደኛ ይህ ሥፍራ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው፣ ከደጋ የመጣ ገላ ከቆላው ሙቀት ጋር አንድ ሌሊት እንዲላመድ ማድረጉ ነው፤ ሁለተኛውና የሚበልጠው ደግሞ፣ የረሱትን ነገር ለመግዛት አዳማ ገና በቅርብ ያለች መሆኗ ነው። ከመተሐራ በኋላ የተረሳ ነገር ተረስቶ ይቀራል።

አንድ ዓርብ ማታ በዚሁ በሶደሬ ዛፍ ሥር የጉዞ ጓደኞቼ ካርታ ዘርግተው መንገድ ሲያሰምሩ፣ ዕድሜውን በመተሐራና በአዋሽ መንገድ ላይ የፈጀው ሾፌራችን ጥቂት ዝም ብሎ ከተመለከተ በኋላ «ልጆቼ፣ መንገዱ የትም አይሄድብንም፤ ውኃውን ግን አሁኑኑ እንቁጠር» አለ። ከመካከላችን አንዲት ወጣት «ጋሼ፣ ወንዙ አጠገባችን እየፈሰሰ ይህን ሁሉ ጀሪካን መሸከም ለምን ያስፈልጋል?» ብላ ጠየቀችው። «የኔ ልጅ፣ ከፏፏቴው ወዲያ ወንዙ ከገደሉ ሥር ነው፤ አንቺ ደግሞ ከገደሉ አፋፍ ነሽ። ገደሉ ባይኖር እንኳ ዳሩ የአዞው ነው። አዞው ባይኖር እንኳ ሳይፈላ አይጠጣም» ሲል መለሰላት። እንግዲህ ሒሳቡ የሚከተለው ነበር፦ በፓርኩ የሚሰጠንን ስካውት ጨምሮ አምስት ሰው፣ በሐሩር አገር ለአንድ ሰው በቀን 6 ሊትር፣ ለሦስት መዓልት 90 ሊትር፤ ለራዲያተርና ለእጅ መታጠቢያ 20 ሊትር፤ መኪናው ቢበላሽ ወይም ጎርፍ መንገድ ቢዘጋ አንድ ቀን ተጨማሪ የሚያቆይ 30 ሊትር፤ በጠቅላላው 140 ሊትር፣ ይኸውም ሰባት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ጀሪካኖቹ በአንድ ሥፍራ እንዳይከማቹ፣ አንዱ ቢቀደድ ሌላው እንዲተርፍ፣ ይልቁንም ናፍጣ ተይዞበት ከነበረ ዕቃ ጋር እንዳይደባለቁ ምልክት ይደረግባቸዋል። ይህ ሁሉ ጥቃቅን መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን በበረሃ ሰውን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ አንበሳው ሳይሆን እንዲህ ያለው ጥቃቅን ነገር መዘንጋቱ ነው።

የመኪናው መሰናዶ በአዳማ ጋራዦች ይፈጸማል። አዳማ ከቀድሞ ጀምሮ የመንገደኛ ከተማ ናት፤ የፈረንሳዮቹ ባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የጅቡቲ ንግድ ሁሉ በእርሷ ሲያልፍ የኖረ ሲሆን፣ ዛሬም የከባድ መኪናው ሰልፍ አይቋረጥባትም፤ ስለዚህ ባሌስትራ የሚያጠብቅ መካኒክና የተቀደደ ጎማ የሚያድን ጎሚስታ በየማዕዘኑ አይታጣም። በዚህ አገር መንገድ ላይ ጎማን የሚበላው ከአሸዋው ይልቅ የግራር እሾህና ስለታሙ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ፣ አንድ ስኮርታ ይዞ መውጣት አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋል፤ ክሪኩም በለስላሳ አፈር ላይ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ ይያዛል። አካፋ፣ ጠንካራ የመጎተቻ ገመድ፣ ነፋስ መሙያ፣ የራዲያተር ቱቦና ቺንጋ፣ ተጨማሪ የሞተር ዘይት ሳይያዝ መንቀሳቀስ አይገባም። ነዳጅን በተመለከተ፣ በፒስታ መንገድ በዝቅተኛ ማርሽ የሚሄድ መኪና በአስፋልት ከሚፈጀው እጅግ አብልጦ የሚፈጅ መሆኑን አስቦ ታንኩን አዳማ ላይ መሙላት፣ መተሐራ ላይም እንደገና ማሟላት ይገባል፤ በጀሪካን ለመቅዳት ፈቃድ ያስፈልግ እንደ ሆነ ደግሞ አስቀድሞ ከማደያው መጠየቅ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ አቅም የፈቀደለት በሁለት መኪና ይሂድ። አንዱ ሲቀበር ሌላው ያወጣዋል።

ስለ ስንቅ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ አያቶቻችን ለዘመቻ ያሰናዱት ከነበረው የተሻለ ለዛሬው የመኪና መንገደኛም አላገኘንምና። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽና ምጥን ሽሮ ሙቀት አያበላሻቸውም፤ የአርሲና የሸዋ ኦሮሞ እናቶች ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚያዘጋጁት ጭኮ ደግሞ ጥቂቱ ብዙ ያቆያል። ቡናና ጀበና የሚረሳ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም። የማገዶ ነገር ግን መታሰብ ይኖርበታል፤ ከፓርኩ ደረቅ እንጨት እንኳ መልቀም ስለማይገባ፣ ከሰሉ ወይም የጋዝ ምድጃው ከከተማ ይያዛል።

ወራቱን መምረጥ ከመሰናዶው ሁሉ የከበደው ክፍል ነው። በፓርኩ ዝናም የሚዘንበው በበልግ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ጥቂት፣ በክረምት ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም አብዝቶ ነው፤ በእነዚህ ጊዜያት ጥቁሩ የመረሬ አፈር ጎማ ስለሚውጥ የአራቱም ጎማ ኃይል እንኳ አያወጣም። ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ ሙቀቱ በመዓልት እስከ 42 ዲግሪ ሊወጣ ሲችል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ የተመረጠ ነው፤ ይኸውም ሣሩ ገና ያልጠፋበት፣ ሐሩሩም ያልበረታበት፣ ሰማዩም ከደመና የጠራበት ጊዜ ስለሆነ ነው። በቀን ወደ ቆላ ሲነሡ ጋቢ መያዝ ከንቱ የሚመስለው ሰው በሌሊቱ ቁር ጊዜ ያስታውሰዋል። አጎበርም እንዲሁ ነው፤ የወንዙ ዳር የወባ አገር ነውና።

በዚህ በረሃ ስለ መዘጋጀት ትርጉም ከእኛ በፊት ያለፉት መንገደኞች ታሪክ ከማንኛውም መመሪያ ይበልጥ ያስተምራል። በ1875 እ.ኤ.አ. የግብፅን ጦር እየመራ ወደ አውሳ የገባው ሙንዚንገር ከነሠራዊቱ በአፋሮች ተደመሰሰ፤ ከእርሱም በኋላ በ1881ና በ1884 ጁሊየቲና ቢያንኪ የተባሉት ኢጣሊያውያን በየተራ ከነጓዛቸው ጠፉ። ሁሉም የጦር መሣሪያ ነበራቸው፤ የጎደላቸው የባለ አገሩ ፈቃድ ነበር። በ1920 ዓ.ም. ኔስቢት የተባለው መንገደኛ ከሁለት ኢጣሊያውያን ጓደኞቹ ጋር ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ የደናክልን ምድር እስከ ቀይ ባሕር ጠረፍ ሲሻገር፣ ጉዞውን ያሳካለት በየመንገዱ ከአለቆች ጋር መነጋገሩና ከአውሳው ሱልጣን ጋር መገናኘቱ ነው።

ከእርሱ በኋላ ደግሞ በ1910 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር መጣ። ይህ ሰው የጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ በዓል ተጋባዥ ሆኖ በመጣ ጊዜ፣ በዓሉ ከተፈጸመ በኋላ ለአደን ወደ አዋሽ ወርዶ ነበር፤ በዚያም ወንዙ የት እንደሚጠፋ ለማወቅ ያደረበት ምኞት ወደ እንግሊዝ አገር ከተመለሰም በኋላ አልለቀቀውም። ሲመለስ ግን ዘሎ ወደ በረሃው አልገባም፤ በመጀመሪያ በአርሲ ተራሮች ሁለት ወር ያህል ተዘዋውሮ ሰዎቹን ፈተነ፣ የራሱንም ጽናት አየ፤ ከዚያም ኅዳር 22 ቀን 1926 ዓ.ም. ግመሎቹን ጭኖ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሣ፤ ከአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ጋር ተገናኝቶ ፈቃድ ካገኘ በኋላም ወንዙን ተከትሎ እስከ አቤ ሐይቅ ደረሰ፤ ከወራት በኋላም ታጁራ ላይ ከባሕር ዳር ደረሰ። ዛሬ እኛ በላንድክሩዘር የምንሮጥበት መሬት እርሱ በግመል ካለፈበት ምድር ጋር ጎረቤት ነው፤ መሣሪያችን ተለወጠ እንጂ በእንግድነት የምንገባበት ባለቤት አልተለወጠም።

ከአዳማ ወደ መተሐራ መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወለንጪቲን ካለፉ በኋላ ምድሩ ቀስ በቀስ ዝቅ እያለ፣ ግራሩ እያጠረ፣ ነፋሱም እየጋለ ይሄዳል፤ ቦሰት ተራራ በቀኝ ሲቀር ፈንታሌ ተራራ ከፊት ይገለጣል። ወደ መተሐራ ከተማ ሊደርሱ ሲሉ መንገዱ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ያልፋል፤ በአጠገቡም የበሰቃ ሐይቅ ተንጣሎ ይታያል። ይህ ሐይቅ በዐይናችን ፊት የሚያድግ ነገር ነው፤ ከስድሳ ዓመት በፊት ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ዛሬ ከአርባ በላይ ሆኖ፣ የግጦሽ መሬትን ውጦ፣ የቀድሞውን የባቡር ሐዲድና የመኪና መንገድ አስነሥቷል። ምክንያቱን ሊቃውንት ከመስኖ እርሻዎች በሚሰርገው ውኃና ከመሬት በታች ባሉት ፍል ምንጮች ላይ ያደርጉታል። ውኃው ጨዋማ ስለሆነ ለሰውም ለከብትም ለእርሻም አይረባም፤ ስለዚህ የከረዩ አርብቶ አደር በውኃ ተከብቦ ሳለ ከብቱን ለማጠጣት ሩቅ ይነዳል።

ፈንታሌ ደግሞ የሞተ ተራራ አይደለም። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ 2007 ሜትር ሲሆን፣ በ1820 እ.ኤ.አ. ገደማ ከጎኑ የፈሰሰው ጥቁር ቅልጥ ድንጋይ ዛሬም ትኩስ መስሎ ይታያል፤ በ13ኛው ምዕት ዓመት በፈነዳ ጊዜም በስተደቡቡ የነበረች ከተማ ከነቤተ ክርስቲያኗ እንደ ጠፋች ይተረካል። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ወር ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራራ መካከል ከምድር በታች ቅልጥ ዐለት መንቀሳቀስ በመጀመሩ፣ ከ5 መጠን በላይ የሆኑ የመሬት መንቀጥቀጦች ተከታትለው፣ ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ተሰማ፤ መሬትም ተሰነጠቀ፤ በአዋሽ ፈንታሌ፣ በዱለቻና በኦሮሚያው ፈንታሌ ወረዳ የሚኖር ብዙ ሺህ ሕዝብ ቤቱን ትቶ ወደ መጠለያ ሄደ። ስለዚህ ዛሬ ወደ ፈንታሌ አፍ ለመውጣት የሚያስብ መንገደኛ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ሳያማክር አንድ እርምጃ ሊራመድ አይገባውም፤ ስንጥቆቹ በሣር ተሸፍነው ሊገኙ ይችላሉና፣ መኪና በፒስታው እንጂ በሜዳው አይነዳም። የመሬት መንቀጥቀጡን ወሬ ሰምቶ ደስ የሚል ትርኢት ለማየት የሚመጣ ሰው ካለ ደግሞ፣ በዚያ ያሉት ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው በሌሊት የወጡ መሆናቸውን እንዲያስብ እለምነዋለሁ።

የፓርኩ ዋና በር ከመተሐራ አልፎ ወደ አዋሽ ከተማ በሚወስደው አስፋልት ላይ ነው። በዚያ ስም ይመዘገባል፣ ዋጋ ይከፈላል፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይሰጣል። ያለ ስካውት በፒስታው መግባትም ሆነ ማደር አይገባም፤ ቢፈቀድ እንኳ እኔ አላደርገውም። የተሰጠን ሰው የከረዩ ተወላጅ፣ ዕድሜው ከፍ ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነበር፤ ሾፌራችን «አከም ጂርቱ፣ ኦቦ?» ብሎ በሁለት እጁ ሲጨብጠው ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ቤተ ሰቡ ተራ በተራ ተጠያየቁ። ከመካከላችን የቸኮለ ሰው ነበር፤ ሰዓቱን ደጋግሞ ያይ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ሰላምታ ውስጥ የሰሜኑ ፒስታ በየትኛው ሸለቆ ላይ እንደ ተቆረጠ፣ ከብት ወደ የት እንደ ወረደ፣ ከየትኛው መንደር አጠገብ ማደር እንደማይገባ ሁሉ ተነገረን። በአፋሮች ዘንድ ዳጉ የሚባለው፣ ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ተቀምጠው የሰሙትንና ያዩትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ የሚለዋወጡበት ሥርዓት ደግሞ ከዚህም ይጠልቃል፤ ወሬውን የተቀበለ ሰው ለሚቀጥለው የማድረስ ግዴታ አለበትና፣ መልእክቱ በዚያ በረሃ በፍጥነት ይዳረሳል። በስልኩ ያለው ካርታ ይህን ሊነግረው የሚችል መስሎት የሚተማመን መንገደኛ ተሳስቷል።

ከአስፋልቱ በስተደቡብ ኢላላ ሳላ የሚባለው የሣር ሜዳ ይገኛል። ሳላ በጎህ ጊዜ ቀጥ ባሉት ረጃጅም ቀንዶቹ ከሩቅ ይለያል፤ የሜዳ ፍየሉ፣ በጥሻው ውስጥ ያለው አምባራይሌ፣ ትንሿ እንሹ፣ ከርከሮና ሰጎንም ይታያሉ፤ ከ450 በላይ የአዕዋፍ ዓይነት በፓርኩ መኖሩም ተመዝግቧል። በወንዙ ዳር ደግሞ ሁለት የዝንጀሮ ወገኖች፣ ግራጫ ጎፈር ያለው የበረሃው ዝንጀሮና አኑቢስ የሚባለው ዝንጀሮ፣ በድንበራቸው ላይ ተጋብተው ድቅል ስለሚወልዱ፣ ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ሲያጠኗቸው ቆይተዋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ካለፈው ጋር ሲነጻጸር ቅሪት ነው። የግሬቪ የሜዳ አህያ ከፓርኩ ጠፍቷል፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ከሌላ ሥፍራ ተጭኖ የመጣው ቆርኬም አልበዛም።

ለምን ጠፉ ብሎ ለመጠየቅ የከረዩን ታሪክ መስማት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ከረዩዎች በፈንታሌ ተራራና በአዋሽ ወንዝ መካከል በበጋና በክረምት እየተዘዋወሩ፣ በገዳ ሥርዓታቸው እየተዳደሩ የኖሩ ሕዝብ ናቸው፤ በሐጋይ ጊዜ የሚመኩበት የወንዙ ዳር ሣር ነበር። በመጀመሪያ የሆላንዶች ኩባንያ ከወንጂ ቀጥሎ የስኳሩን እርሻ ወደ መተሐራ ሲያስፋፋ ይህን ዳርቻ ወሰደባቸው። ቀጥሎም በ1950ዎቹ አጋማሽ በጁሊያን ሃክስሊ የተመራው የዩኔስኮ መልእክት ስለ አራዊት ጥበቃ ምክር ከሰጠ በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የአዋሽ ፓርክ በ1961 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ፤ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬትም ለአራዊቱ ተከለለ። የአራዊቱ መጠበቅ እውነተኛና የተቀደሰ ዓላማ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን በአንድ ወገን እርሻው፣ በሌላ ወገን ፓርኩ፣ በሦስተኛው እየሰፋ የሚሄደው ጨዋማ ሐይቅ ያጣበበው አርብቶ አደር ድርቅ በመጣ ቁጥር ከብቱን ወደ ፓርኩ ከማስገባት በቀር ሌላ በር አልነበረውም፤ ከብቱ ሲገባም ሳላው ከሣሩ ተገፍቶ ወጣ። ከብት በፓርኩ ውስጥ አይተው «እነዚህን ማን አስገባቸው?» የሚሉ ጎብኚዎች አሉ። ጥያቄው ከብቱ ቀድሞ የት ይሰማራ ነበር ከሚለው ቢጀምር ፍርዱ የቀና ይሆናል። እኔ እንደማምነው፣ ከመግቢያው ዋጋ የከረዩና የአፋር ቤተ ሰብ በግልጥ የሚካፈልበት ሥርዓት እስኪጸና ድረስ፣ የዚህ ፓርክ አጥር በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አጥር ይሆናል፤ መንገደኛውም ቢሆን ወተት ከእረኛ ሲገዛ፣ መንገድ መሪ ሲይዝ፣ ፎቶግራፍ ሲያነሣ አስቀድሞ ሲጠይቅ፣ በዚህ ፍትሕ ውስጥ ትንሽም ቢሆን ድርሻ አለው።

ለማደሪያ የሚሆነው ሥፍራ በሁለት ወገን ነው። አንዱ በደቡብ ከፏፏቴው በላይ፣ በወንዙ ዳር በታላላቅ ግራሮች ሥር ያለው ነው፤ ጥላው መልካም ነው፤ ነገር ግን ጉማሬ በሌሊት ለግጦሽ የሚወጣበትን የረገጠውን መንገድ አይቶ ድንኳኑን ከዚያ አርቆ መትከል ይገባል። ደረቅ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ከቶ አይታደርም፤ አሸዋው ለስላሳ፣ ሥፍራው ሜዳ ሆኖ ቢያባብልም፣ በሩቅ ደጋ የዘነበ ዝናም ከላዩ ደመና በሌለበት ሌሊት ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ይችላልና። ምግብ በድንኳን ውስጥ አይቀመጥም፤ በቀን ዝንጀሮው፣ በሌሊት ጅቡ ይፈልገዋል፤ ሁሉም በመኪናው ውስጥ ይቆለፍበታል። በዚያ ባደርንባት ሌሊት ስካውቱ ከእሳቱ ዳር ተቀምጦ የሰማነውን ድምፅ ሁሉ በየስሙ ይነግረን ነበር፤ ይህ ጅብ ነው፣ ይህ ቀበሮ ነው፣ ይህ ጉማሬ ነው እያለ። ፏፏቴው ከሩቅ ያጓራ ነበር። ወጣቷ ጓደኛችን ባትሪዋን ይዛ ወደ ወንዙ ለመውረድ በተነሣች ጊዜ ግን ኦቦ ስካውት ተነሥቶ ከፊቷ ቆመና «ነገ በፀሐይ፣ እኅቴ» አላት፤ ተቀመጠች።

ሁለተኛው የማደሪያ ሥፍራ በሰሜን ያለው ፍልውኃ ነው፤ እዚህ መድረስ ነው የመኪናውንም የሰውንም መሰናዶ የሚፈትነው። ከዋናው በር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ፒስታው በፈንታሌ ግርጌ በድንጋይና በደረቅ ሸለቆ ላይ ስለሚያልፍ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። በየሸለቆው አፍ ሾፌሩ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፤ የድንጋዩን ቁመትና የአሸዋውን ጥንካሬ መርምሮ፣ የሚቀጥለውን ማርሽ ከመግባቱ በፊት ይመርጣል፤ በመካከሉ ማርሽ መለወጥ መኪናውን ያስቀብረዋል። ከብዙ ድካም በኋላ በቢጫው ሜዳ መካከል የዘንባባው ደን በድንገት አረንጓዴ ሆኖ ይገለጣል፤ ከሥሩ ያለው ውኃ ሰማያዊና ጥርት ያለ፣ እስከ ጥልቁ የሚታይ ነው። ሙቀቱ ግን ከሰው ገላ ሙቀት በላይ ስለሆነ፣ ብዙ መቆየት ራስን ያዞራል፤ በተለይም በቀትር የመጣ መንገደኛ አስቀድሞ በጥላ ያርፍ፣ ውኃም ይጠጣ፣ ከዚያ ወደ ምሽት ይግባ። በዚህ አካባቢ የከረዩና የአፋር ከብቶች በየተራ ስለሚጠጡ፣ እረኞች በደረሱ ጊዜ መታጠቢያውን ለቅቆ መቆም ተገቢ ነው፤ የሚጠጣውን ውኃ በሳሙና ማድፍረስ ከቶ አይገባም። አንበሳ በአቅራቢያው ስለሚያልፍ ከመሸ በኋላ ከሰፈሩ መራቅ አይገባም።

ከዚህ ወዲያ ሰሜን ምሥራቁን ይዞ ለመቀጠል የሚመኝ ሰው ሌላ መሰናዶ ይጠብቀዋል። ከአዋሽ ከተማ ወዲያ ያለው ሀላይደጌ አሰቦት ብሔራዊ ፓርክ የግሬቪ የሜዳ አህያን ዛሬም በሰፊ ሜዳው ይዞ ይገኛል፤ ስሙን የተካፈለው የአሰቦት ተራራም አቡነ ሳሙኤል ዘደብረ ወገግ የመሠረቱት ጥንታዊ ገዳም የሚገኝበት ስለሆነ፣ ወደዚያ የሚወጣ መንገደኛ እንደ ገዳሙ ሥርዓት ልብሱንና አካሄዱን አስተካክሎ፣ ከአባቶች ቡራኬ ተቀብሎ ይግባ። ከዚያም አልፎ በአፋር ምድር ውስጥ ለዱር አህያ ጥበቃ የተከለለው ያንጉዲ ራሳ አለ፤ በዚያ ጥላ የለም፣ የታመነ ምንጭም የለም፤ ስለዚህ በሶደሬ የተቆጠረው 140 ሊትር እጥፍ መሆን ይኖርበታል፤ ሁለተኛ መኪናም ግዴታ ነው፤ ከአፋር ክልል ጽሕፈት ቤቶችና ከመንደሩ ሽማግሌዎች ዘንድ የሚጠየቀው ፈቃድም ጉዞው ከታሰበበት ቀን ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። ከኅዳር በፊት ያለው ወር ለዚህ የተመደበ ይሁን፤ በዚያ ጊዜ የክረምቱ ጎርፍ የቆረጣቸው ፒስታዎች የትኞቹ እንደ ተጠገኑ መተሐራና አዋሽ ላይ ያሉ ሾፌሮች ያውቁታል።